ጎልያድ በልጅ ክንድ ሲለካ

ፎገራ ላይ ሳይለካ የሚውል ሰው የለም። ገበሬው ሞፈር ሲያዘጋጅ ክንዱን እንጨቱ ላይ እያጋደመ ይለካል። ሰፌድ የምትሰፋ እናት ስንደዶዋንና አክርማዋን ስትለቅም ረጅሙን ለብቻ፣ አጭሩን ለብቻ ታስቀምጣለች። ወረታ ከተማ በረንዳ ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመሽለታል። ክረምት ገብቶ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ደግሞ፣ ውኃው ከትናንት ይልቅ ዛሬ ምን ያህል ወደ ደጃፍ እንደ ቀረበ የማይነጋገር ቤተሰብ የለም። ይህ ሁሉ ልኬት የሚከናወነው ሕፃናት ቁጭ ብለው እያዩ ነው።

እያዩ ብቻ። "ና እስቲ፣ አንተም ለካ" የሚባል ልጅ ጥቂት ነው፤ "ዞር በል፣ ሥራ አታስፈታኝ" የሚባለው ይበዛል። ወላጅ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራው ያጣድፈዋል፤ ሒሳብም ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚጀመር ነገር ይመስለዋል። እኔ ግን የምሥራች ይዤ መጥቻለሁ። ልጃችሁን ሒሳብ ለማስጀመር የሚያስፈልጋችሁ ነገር ሁሉ ቤታችሁና ደጃችሁ ላይ አለ። የሚገዛ አሻንጉሊት አያስፈልግም። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ከማንም እኩል ልታስተምረው ትችላለች። ልጁን ከተመልካችነት አውጥታችሁ ለኪ አድርጉት፤ ልጅ ደግሞ ለኪ የሚሆነው በጨዋታ ነው።

ከርዝመት እንድትጀምሩ የምመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ርዝመትን ለማወዳደር ቁጥር ማወቅ አያስፈልግም። ሁለት ዱላ አንሥቶ ጎን ለጎን ማቆም የሦስት ዓመት ልጅም ይችላል። "ይበልጣል"፣ "ያንሳል"፣ "እኩል ነው" የሚሉት ሦስት ፍርዶች ግን ልጁ አድጎ በቁጥር ለሚሠራው ሒሳብ ሁሉ መነሻ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሕፃን ሁሉንም ነገር "ትልቅ" ይላል፤ ረጅሙም ትልቅ፣ ወፍራሙም ትልቅ፣ ከባዱም ትልቅ። አትቆጡት፣ አታርሙትም። "አዎ ሆዴ፣ ይሄኛው ይረዝማል፤ ያኛው ግን ይወፍራል" እያላችሁ በንግግራችሁ መሀል ልዩነቱን አሰሙት። ውሎ አድሮ እሱ ራሱ ሲለያቸው ትሰማላችሁ።

ልጆች ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ሁለቱ "እኔ እበልጥሃለሁ፣ የለም እኔ ነኝ የምበልጥህ" ተባብለው ጀርባ ለጀርባ ሲቆሙ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አንደኛው ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ወይም በጣቶቹ ጫፍ ሲቆም ሌላው ምን ይላል? "አጭበረበርክ! ውረድ!" ይላል። ይህ ልጅ አንድ ታላቅ ነገር ገብቶታል፦ ሁለት ነገሮች በርዝመት የሚወዳደሩት መነሻቸው አንድ ሲሆን ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ማጭበርበርን አለመውደዱ ነው ያስተማረው። እኛ የሚቀረን ይህንኑ ዕውቀት ከቁመቱ ወደ ዱላው፣ ከዱላው ወደ ገመዱ ማሻገር ነው።

ማሻገሩ ጊዜ ይወስዳል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከባልደረቦቻቸው ከቤርቤል ኢንሄልደርና ከአሊና ሼሚንስካ ጋር ሆነው ሕፃናት ስለ ርዝመት የሚያስቡትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1948 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከሙከራዎቹ አንዱ እቤታችሁ የሚሠራ ነው። እኩል የሆኑ ሁለት ዘንጎች ልጁ ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። "እኩል ናቸው?" ሲባል "አዎ" ይላል። ከዚያ እሱ እያየ አንደኛው ዘንግ ትንሽ ወደ ፊት ይገፋል። አሁን ሲጠየቅ "ይሄኛው ረዘመ" ይላል። ዘንጉ እንዳልተቀጠለ አይቷል፤ ግን ወጣ ያለው ጫፍ ዓይኑን ስለሚስበው በሌላው በኩል የጎደለውን አያስተውልም። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው አብዛኛው ልጅ ጉዳዩ ይገባዋል።

ይህን ማወቅ ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው። የአምስት ዓመት ልጃችሁ "ረዘመ" ሲል ሰንፎ ወይም ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ በዕድሜው የሚታየውን ነው የነገራችሁ። እናንተ መልሱን አትንገሩት። "እስቲ እንደ ገና አጋጥማቸው" በሉትና ተመልከቱት። ሲያጋጥማቸው እኩል ይሆኑበታል። ይገፋዋል፣ ይመልሰዋል፣ እንደ ገና ይገፋዋል። ያን ጊዜ ፊቱን ብታዩት፣ አንድ ሰው በገዛ እጁ እውነት ሲያገኝ ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። ይህን ደስታ መልሱን ቸኩለን በመናገር ልንነጥቀው አይገባም።

ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ይህንን አሳምረው ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈቱት እኚህ ሴት፣ ለርዝመት ትምህርት አሥር ቀይ ዘንጎች አዘጋጅተዋል። አጭሩ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 1 ሜትር ነው፤ እያንዳንዱም ከቀጣዩ በ10 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ቀለማቸው አንድ ነው፣ ውፍረታቸውም አንድ ነው። ልጁን የሚያዘናጋ ሌላ ነገር የለም፤ የሚለያዩት በርዝመት ብቻ ነው። ልጁ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ሲደረድራቸው የደረጃ ቅርጽ ይሠራል። አንዱን ከቦታው ካፋለሰ ደረጃው ይበላሽና ስህተቱን ራሱ ያየዋል። አስተማሪዋ "ተሳስተሃል" ማለት አያስፈልጋትም።

እነዚህ ዘንጎች ዛሬ በገንዘብ የሚገዙ፣ ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመሱ ናቸው። ፎገራ ላይ ግን ሸምበቆ አለ፣ የማሽላና የበቆሎ አገዳ አለ። ውፍረቱ ተቀራራቢ የሆነውን መርጣችሁ አሥር በትር ቁረጡ። የመጀመሪያው አንድ ጋት ይሁን፤ አራት ጣት ተጋጥሞ ማለት ነው። ሁለተኛው ሁለት ጋት፣ ሦስተኛው ሦስት ጋት እያለ እስከ አሥር ይሂድ። ጫፋቸውን በደንብ ላጉት፤ ዓይን እንዳይወጋ፣ እጅ እንዳይሠነጥቅ። ከዚያ ለልጁ ስጡትና ሥራችሁን ቀጥሉ። ቡና እስኪፈላ ድረስ የሚጫወትበት ነገር አገኘ።

አሁን ወደምወደው ጨዋታ ልምጣ፤ ወደ ሸንኮራው።

በገበያ ቀን ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ሸንኮራ ተደግፎ የቆመበት ቦታ ስትደርሱ እጃችሁን ይጎትታል። ችኩል ወላጅ አንዱን መዝዞ ከፍሎ ያልፋል። እናንተ ግን ትንሽ ቁሙና "የትኛውን ልግዛልህ?" በሉት። "ያንን ረጅሙን!" ይላል። "በምን አወቅህ? ያኛው ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ቆሞ ይሆናል እኮ።" ባለ ሸንኮራዋን አስፈቅዳችሁ ሁለቱን አውርዱና መሬት ላይ ታችኛውን ጫፋቸውን አጋጥሙ። ገበያው መሀል ትምህርት ተሰጠ። ደግሞ አጭሩ ወፍራም ሆኖ ከተገኘ ሌላ ክርክር ይነሣል፦ ረጅሙ ይሻላል ወይስ ወፍራሙ? ለዚህ የሚያስቸኩል መልስ የለም፤ መንገዱን ሙሉ ተከራከሩበት።

እቤት ስትደርሱ ለወንድምና ለእህት ይካፈላል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ አንዱ ይቁረጥ፣ ሌላው ቀድሞ ይምረጥ። ቆራጩ ልጅ ያን ጊዜ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ተመልከቱ። ሸንኮራውን ያጋድመዋል፣ ከዚህ ጫፍ በስንዝር ይለካል፣ ከዚያ ጫፍ በስንዝር ይለካል፣ መሀሉን በጥፍሩ ይጭረዋል፣ ተጠራጥሮ እንደ ገና ይለካል። ቢላዋውን እናንተ ያዙለት፤ ምልክቱን ግን እሱ ያድርግ። ግማሽ የሚባለውን ነገር በዚህ መንገድ ያወቀ ልጅ በኋላ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲያየው አይደነግጥም።

ሸንኮራው ግን ገና አላለቀም። አንጓውን እዩት። መቁጠር የጀመረ ልጅ አንጓ መቁጠር ይወዳል። "የኔ ሰባት፣ ያንቺ አምስት! ስለዚህ የኔ ይረዝማል" ይላታል እህቱን። ጎን ለጎን ሲያጋድሙት ግን ባለ አምስት አንጓው ረዝሞ ሊገኝ ይችላል። ልጁ ግራ ይጋባል። ተዉት፣ ይጋባ። ቁጥሩ ሰባት ብሎ ዓይኑ ደግሞ ሌላ ሲለው፣ የሚያስበው ነገር አገኘ ማለት ነው። "ለምን ይሆን?" በሉና ዝም በሉ። ቆይቶ፣ ምናልባትም በማግሥቱ፣ "የሷ አንጓ ረጃጅም ነው፤ የኔ ግን አጫጭር ነው" ብሎ ይመጣል። መለኪያው እኩል ካልሆነ ቆጠራ ብቻውን እንደማይበቃ ገባው። ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ማስመሪያ ይዘው እንኳን በቅጡ የማይገባቸው ነገር ይህ ነው። ስለ ተክሉም የምትነግሩት አላችሁ፦ ሸንኮራ በቂ ውኃ ባገኘበት ወቅት ያበቀለው አንጓ ይረዝማል፣ ውኃ በጠማው ወቅት ያበቀለው ያጥራል። ልጁ በእጁ የያዘው አገዳ ያለፈውን ዝናብና ድርቅ ይነግረዋል።

ክረምት ላይ ዋልካው ሲረጥብ ደግሞ የጭቃ በሬ ጊዜ ነው። የፎገራ ከብት በአገሪቱ የታወቀው በወተቱ ነው፤ መልኩ ብዙ ጊዜ ነጭና ጥቁር ቡራቡሬ፣ ቀንዱ አጭር ነው። ባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህንን ዝርያ ለማቆየት ሲሠራ ቆይቷል። የራያ በሬ በአንጻሩ ረጅም ቀንድ አለው። እንግዲህ "የኛን አገር ላም ሥራልኝ፤ አሁን ደግሞ የራያን በሬ ሥራልኝ" ብትሉት፣ ልጁ አጭርና ረጅም ቀንድ ሲያበጅ ስለ አገሩ ከብትም ይማራል። እግረ መንገዳችሁንም አንድ እፍኝ ጭቃ አድቦልቡሎ እንዲያሳያችሁ፣ ከዚያ ያንኑ ጭቃ እባብ አድርጎ እንዲያንከባልለው ጠይቁት። ጭቃው ሳይጨመርበት ረዘመ፤ ምን ጎደለበት? ውፍረቱ።

ሌላም ሌላም ጨዋታ ሞልቷል። ብይ የሚጫወቱ ልጆች በስንዝር ይከራከራሉ። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲቃረብ ጅራፍ የሚገምዱት ደግሞ ጉዳዩን ከእኛ በላይ ያውቃሉ፦ ያጠረ ጅራፍ አይጮኽም፣ ከመጠን በላይ የረዘመ ባለቤቱን ይገርፋል። ጩኸቱ የሚመጣው የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ በላይ ሲፈጥን መሆኑን ብትነግሩት፣ ያ ልጅ ጅራፉን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ለምሽት የማስቀምጠው የጎልያድን ጨዋታ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ልጅ የለም፤ በሙስሊሙም ቤት ጃሉት ተብሎ ይተረካል። በመጽሐፈ ሳሙኤል የጎልያድ ቁመት ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው። ልጆች "በጣም ረጅም ነበር" ሲባሉ አምነው ያልፋሉ። እናንተ ግን ገና ጀንበር ሳትጠልቅ አውድማው ላይ ወይም ደጃፉ ላይ አውጧቸውና "እስቲ ጎልያድን እናስተኛው" በሏቸው። አባት ይንበርከክ፤ ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ ስድስት ጊዜ እያስቀመጠ ይለካ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ስንዝር ይጨምር። ሲጀምርና ሲጨርስ ድንጋይ ይቀመጥ። ሦስት ሜትር ገደማ የሚሆን ሰው መሬት ላይ ተጋደመ። ልጆቹ እየሮጡ አጠገቡ ይተኛሉ፤ አንዱ በሌላው ራስ ላይ እግሩን ያደርጋል፤ "እኔን ሦስት ያክላል!" ይላሉ።

ከዚያ የአምስት ዓመቱ ልጅ በራሱ ክንድ ይለካ። መነሻውን ከአባቱ ጎልያድ መነሻ ጋር አጋጥሙለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት፣ ከስንዝር። ድንጋዩን ያስቀምጥ። የሱ ጎልያድ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም! ሁለቱም ስድስት ክንድ ከስንዝር ለኩ፤ ሁለቱም በትክክል ቆጠሩ፤ ጎልያዶቹ ግን አልተካከሉም። ማን ተሳሳተ? ይህን ጥያቄ ለልጆች መጠየቅ እወዳለሁ፤ መልሱ ማንም አልተሳሳተም ነውና። የአባት ክንድና የልጅ ክንድ አንድ አይደሉም። ከዚህ በኋላ "ታዲያ ሁላችንም ብንለካ አንድ ዓይነት እንዲመጣ ምን እናድርግ?" ስትሏቸው፣ አንዱ "በአባባ ክንድ ብቻ እንለካ" ይላል፤ ሌላዋ "በአንድ ዱላ እንለካ" ትላለች። የሰው ልጅ ሜትርን እስኪያበጅ ድረስ የተጓዘውን ረጅም መንገድ ልጆቻችሁ በአንድ ምሽት ደጃፍ ላይ ጀመሩት።

አባቶቻችንም በዚህ ጥያቄ ኖረዋል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች፣ ሚዛኖችና ገንዘቦች ታሪክ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል። ክንድ፣ ስንዝር፣ ጋት እያሉ የሰውን አካል መለኪያ ማድረግ ለዘመናት የአገራችን ገበያ ሥራ ነበር። ጨርቅ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ክንደ ረጅም ዘመድ አስከትሎ መሄድ ብልህነት ነበር። ይህንን ለልጆች ስትነግሯቸው ይስቃሉ፤ ከጎልያድ በኋላ ምክንያቱ ስለገባቸው ነው የሚስቁት። ከፍ ላሉት ልጆች የኖኅ መርከብ አለላቸው፦ ርዝመቱ 300 ክንድ፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 30። በአዋቂ ክንድ ርዝመቱ ወደ 140 ሜትር ይጠጋል። ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ መርከብ የሚሰመርበት ቦታ አይጠፋም።

ትዕግሥት የሚያስተምር ጨዋታ ከፈለጋችሁ ባቄላ ትከሉ። በአሮጌ ቆርቆሮ አፈር ሞልታችሁ አንድ ፍሬ ባቄላ ቅበሩ። በየሳምንቱ እሑድ ልጁ አንድ ደረቅ የሩዝ አገዳ ወስዶ በተክሉ ቁመት ልክ ይቁረጥና በረድፍ ግድግዳው ላይ በጭቃ ይለጥፍ። የመጀመሪያው አጭር፣ ቀጣዩ ረዘም ያለ፣ ከዚያም ይበልጥ የረዘመ። ተክሉን ነቅሎ ካለፈው ሳምንት ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ አገዳው ግን ያለፈውን ሳምንት ቁመት ይዞ ቆይቶለታል። ሁለት ነገሮችን ማገናኘት ሳይቻል በሦስተኛ ነገር ማወዳደር የሚባለው ይህ ነው፤ ልጅ በራሱ ሊደርስበት የሚችል ትልቅ ዕውቀት ነው። ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ውስጥ የሩዝ ዝርያ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ከሚመዘግቡት ነገር አንዱ የተክል ቁመት ነው። ልጃችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፈው አገዳ የዚያው ሥራ ታናሽ ነው ብላችሁ ንገሩት፤ እውነት ነውና።

ርዝመትና ቁጥር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያሳየ አንድ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 የተጻፉ እኩል ሳጥኖች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር የተደረደሩበት ጨዋታ አጫወቷቸው። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ፣ በአራት ጊዜ። የልጆቹ የቁጥር ዕውቀት በግልጽ ተሻሻለ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም መሻሻሉ አብሯቸው ነበር። ቁጥሩ በገፋ መጠን መንገዱም እየረዘመ መሄዱን በእጃቸው ስለተጓዙት ነው። እኛ ሰኞ ማክሰኞ እያልን የምንዘልበትን መሬት አስቡት። አሥር እኩል ሳጥን በአንድ መስመር አስምሩ፣ ቁጥሮቹን ጻፉ፤ አንዱ በጭብጡ አንድ ወይም ሁለት ጠጠር ይያዝና ሲከፍተው ሌላው በጠጠሩ ቁጥር ይራመድ። እየተራመደም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራ።

አሁን አንድ ነገር በብርቱ ልለምናችሁ። ዕቃን ከዕቃ አወዳድሩ፤ ልጅን ከልጅ አታወዳድሩ። "እገሌ እንኳን ባንተ ዕድሜ ይቆጥራል"፣ "ታናሽህ በለጠህ አይደል?" የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ ሞልቷል፤ የስንቱን ልጅ አንገት ሰብሯል። መለካት ደስ የሚለው ማንም የማያፍርበት ጨዋታ ሲሆን ነው። የልጁን ቁመት መለካት ከፈለጋችሁ ከራሱ ጋር አወዳድሩት። በእንቁጣጣሽ ቀን በሩ መቃን ላይ አቁማችሁ ከራሱ በላይ በከሰል አስምሩ። በዓመቱ በዚያው ቀን እንደ ገና አስምሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ራሱ በጣቱ፣ በጋቱ ይለካው። ካለፈው ዓመት ራሱን በለጠ፤ በዚህ የሚከፋው ልጅ የለም።

ለኦ ክፍል መምህራንም ቃል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ እንዲስፋፋ መንገድ ከፍቷል። ልጆቹ መጡ፤ መጫወቻው ግን ከልጆቹ ጋር እኩል አልመጣም። ብዙ ሕፃናት በአንድ ክፍል ይዞ፣ ያለ በቂ መሣሪያ፣ ቀኑን በዝማሬና በፊደል ቆጠራ መሙላት የብዙ መምህራን ዕጣ ነው። ድካማችሁን አከብራለሁ። ከክፍሉ ውጡ ግን እላችኋለሁ። ግቢው ውስጥ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ "ከናንተ ጫማ የሚረዝም አንድ ነገር፣ የሚያጥር አንድ ነገር፣ እኩል የሆነ አንድ ነገር አምጡ" በሏቸው። እኩሉን ማግኘት ከባድ ነው፤ ብዙ ይፈልጋሉ፣ ብዙ ይለካሉ። በጥቂት ነገር ብዙ እንደሚሠራ ማሳያ አለ፦ ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ለልጆች ያቀረበችው "ጸሐይ መማር ትወዳለች" የተሰኘው ዝግጅት ዋና ገጸ ባሕርይ አንዲት አሻንጉሊት ቀጭኔ ናት፤ በዚህች አሻንጉሊት ስንት ልጅ ተማረ። እጃችሁ ላይ ባለው ነገር መጀመር ይቻላል።

አባቶች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ትናንሽ ልጆችን ማስተማር የእናት ሥራ ተደርጎ ቆይቷል፤ እናት ደግሞ ብዙ ሥራ አለባት። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚለካው ነገር ያለው ግን እናንተ እጅ ላይ ነው። ሞፈሩን የምትቆርጡት፣ ጠፍሩን የምትለኩት፣ አጥሩን የምታጥሩት እናንተ ናችሁ። ጤፍ ወይም ሩዝ በመስመር ስትዘሩ ገመድ ትወጥራላችሁ፤ በረድፎቹ መካከል የሚመከረው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ደግሞ ከአዋቂ ስንዝር ብዙም አይርቅም፤ ይህንን ከእናንተ የተሻለ የሚያሳየው መምህር የለም። ዛሬ ወይም ነገ ገመድ የምትቆርጡ ከሆነ ልጃችሁን ጥሩት። ሴት ልጃችሁንም ጥሯት። አንደኛውን ጫፍ አስይዟቸው፣ ሌላውን እናንተ ያዙ። "ከዚህ እስከዚያ ግንድ ይደርሳል ትላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ገምተው፣ ለክተው፣ መልሳቸውን እስኪነግሯችሁ ድረስ አትቁረጡ።